የሞተር ሐኪሙ ጆሮ

መነጽሬን ላስለካ ክሊኒክ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ የሞተር ሐኪሙን አገኘኋቸው። ሰፈሩ በዚህ ስም ነው የሚጠራቸው፤ የወፍጮም ይሁን የጄኔሬተር ሞተር ሲታመም ወደ እሳቸው ጋራዥ ይወሰዳል። ልጃቸውን ፊዚክስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ትምህርቱን ጨርሶ፣ የመርከብ ሞተር መሐንዲስነት ለመሠልጠን አመልክቶ ነበር። የጽሑፍ ፈተናውን አልፏል፣ ቃለ መጠይቁንም አልፏል። የቀረው የጤና ምርመራ ብቻ ነበር።

«መምህር፣ እንኳን እግዜር አገናኘን» አሉኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው በሙሉ እስኪዞር ጮክ ብለው። «ልጄን ጣሉብኝ።»

«ማን ጣለው?»

«ያቺ የጆሮ መርማሪ ናታ። አይሰማም አለች። የወፍጮ ሞተር ከአጥር ውጭ ሆኖ ሰምቶ በሽታውን የሚነግርዎትን ልጅ፣ አይሰማም።»

ልጁ ከጎናቸው አቀርቅሮ ተቀምጧል። ታናሽ እህቱ ጃኬቱን ታቅፋለች።

«ምን ሆነ ልጄ?» አልኩት።

«ወፍራሙን ድምፅ ሰማሁ መምህር። ቀጭን ቀጭኑን አልሰማሁም። ቁልፉን በግምት ስጫን አወቀችብኝ። ጩኸት ነው የጎዳህ አለችኝ። መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ውስጥ የአደጋ ደወል መስማት ግዴታ ነው፣ ስለዚህ አላሳልፍህም አለች።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ገብቶኝም ተናደድኩ።

«ለመሆኑ ጋራዥዎ ውስጥ የጆሮ መሸፈኛ አለ?» አልኳቸው ሰውየውን።

ሳቁብኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና መምህር፣ ጆሮውን ሸፍኖ ሞተር የሚያክም፣ ዓይኑን ጨፍኖ መርፌ ላይ ክር እንደሚያስገባ ሰው ነው። እኛ ዘንድ አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው። ሞተሩ እየሠራ መፍቻውን ብረቱ ላይ ያስደግፋል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ በሽታውን እስኪለይ ከዚያ አይነቃነቅም። እኔን አባቴ እንዲህ አስተማረኝ። እሱንም ገና ቁመቱ ሞተሩ ላይ ሳይደርስ እንዲህ አስተማርኩት።»

«አንድ ቀን ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ብወትፍ ሙሽሪት አልከኝ» አለ ልጁ፣ ቀና ሳይል። «ሠራተኞቹ እስከ ዛሬ ሙሽሪት ነው የሚሉኝ።»

«ለጨዋታ ነዋ።»

«ጥጡን ግን ያን ቀን አወጣሁት አባዬ። ዳግመኛ አልወተፍኩም።»

እኔም ዝም አላልኩም። «ይስሙኝ እንጂ፣ ጥፍር ቢቆረጥ ይበቅላል፣ ቁስል ቢሆን ይሽራል። ጆሮ ውስጥ ያለው ድምፅ የሚለቅም ሕዋስ ግን በጩኸት ከሞተ አይመለስም። አያምም፣ አይደማም፣ ስለዚህ ሰው አይጠነቀቅለትም። ሞተር ማዳመጥ ክፉ ነው አላልኩም። ለጥቂት ጊዜ ያዳምጡ፣ ከዚያ ይሸፍኑ። ቀኑን ሙሉ ተገልጦ መዋል ግን ጀግንነት ሳይሆን ሞኝነት ነው።»

«እኔስ? ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ሥር ኖሬ ምን ሆንኩ?»

«አባዬ፣ ቀስ ብለህ አውራ፣ ሰው እያየን ነው» አለች ልጅቱ።

«ምን አልሽ?»

ልጅቱ ጆሮዋን በጣቷ ነክታ አሳየቻቸው። ሰውዬው ግን ተነስተው የምርመራውን በር አንኳኩ። «ልጄ፣ እኔንም መርምሪኝ። እኔን ከጣልሽኝ ያን ጊዜ መሣሪያሽ ውሸታም መሆኑ ይታወቃል።»

መርማሪዋ ፈገግ ብላ አስገባቻቸው። በሩ መስታወት ስለሆነ ሁላችንም እናያለን። ማዳመጫውን አጠለቀችላቸው፣ ድምፅ ሲሰሙ የሚጫኑትን ቁልፍ አስያዘቻቸው። ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እሷ መሣሪያዋን እየነካካች ትጽፋለች። እሳቸው አንድ ሁለቴ ተጫኑ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ እንደተደገነ ቀረ። ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ ማዳመጫውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄ፣ ዋናውን መቼ ነው የምትጀምሪው?» አሉ።

«ጨርሰናል አባቴ።»

ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። «መድኃኒት የለውም፣ መምህር?»

«የለውም።» ላጽናናቸው አልፈለግሁም፣ ላጽናናው የሚገባኝ ልጁ ነበር። ልዋሸው ግን አልቻልኩም። መርከብ እንደ ጋራዥ አይደለም፣ ደወል ያልሰማ መሐንዲስ የብዙ ሰው ነፍስ ይዞ ይሰጥማል። መርማሪዋ ልክ ናት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ልጁ። አባቱን እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሰውዬው አልተቆጡም።

ልጅቱ ጃኬቱን አጣጥፋ፣ «እኔም ትምህርቴን ስጨርስ እንደ እሱ ለመርከብ አመለክታለሁ» አለች።

«አንቺማ ከእንግዲህ የጋራዡን ደጃፍ አትረግጪም» አሏት፣ ተደናግጠው።

«እረግጣለሁ፣ ሥራውን ካልለመድኩ ምን ይዤ ላመለክት ነው? ጆሮዬን ሸፍኜ እገባለሁ።»

ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁላቸው። «እሺ» አሉ። «ሸፍነሽ።»

ከወራት በኋላ በጋራዡ በኩል ሳልፍ ገባሁ። በሩ ላይ የጆሮ መሸፈኛ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ተደርድሯል፤ ሳያጠልቅ የገባ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ይላካል። ሰውዬው ራሳቸው አጥልቀዋል። ጥቅሙን ልናገር፣ ለዚያ ነው የምጽፈው። ሠራተኞቹ ማታ ጆሯቸው እየጮኸ መተኛት አቁመዋል። በሽታውንም እንደ ድሮው በጆሮ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንና ጭሱን አይተው ስለሚለዩት፣ ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ዳግመኛ ታሞ የሚመለስ ሞተር ቀንሷል። ልጅቱ ተመርምራ ጆሮዋ ደህና ነው ተብላለች። ይህ ሁሉ መልካም ነገር የተገዛው በአንድ ልጅ ዕድል ነው፤ ርካሽ ነበር የሚለኝ ካለ ከልጁ ጋር ይነጋገር።

ልጁ ጥግ ላይ ፒስተን በናፍጣ ያጥባል። አባቱ ድሮ በሞተሩ ጩኸት ላይ ነበር የሚጮሁበት። አሁን ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ሞተሩን አጠፉ፣ መሸፈኛቸውን አወለቁ፣ አጠገቡ ድረስ ሄደው ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉት።

«ጮክ በል አባዬ» አለ ልጁ፣ እጁን ከናፍጣው ሳያወጣ። «ያስለመድከኝ እንደዚያ ነው።»

ሰውዬው ጎንበስ ብለው፣ ጮክ ብለው ደገሙለት። «ምሳህን ብላ ነው ያልኩህ።»