አራት ማዕዘን አፍንጫ የለውም

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የዴፖው ባልደረቦቼ፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ወንበሮቹን ከስብሰባ አዳራሹ እዚህ ቻርጅ ማድረጊያው ድረስ ተሸክማችሁ ያመጣችሁትን። እዚህ ይሁን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የስብሰባ አዳራሹ መብራት ጠፍቶ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ዴፖ መሆናችንን እንግዶቻችን ለጊዜው ይርሱልን።

ለማታውቁኝ፣ በዚህ ግቢ ሃያ አራት ዓመት ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ "የመሠረተ ልማት ዝግጁነት አስተባባሪ" ተብያለሁ። ልጄ አንድ ቀን "ሥራሽ ግን ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ሲመጡ መሰኪያ እንዳያጡ ማድረግ ነው።"

"እና መጡ?"

"አልመጡም።"

"ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እዘጋጃለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

መዘጋጀት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በመሃል "አውቶቡሶቹ በጋዝ ነው የሚሠሩት" የሚል ወሬ ከላይ ወረደና ሁለት ወር ለጋዝ ተዘጋጀን። ታንኩ የሚቀመጥበትን ቦታ ነጭ ቀለም ቀባን። ጋዙ ቀረ፣ ቀለሙ አለ። አሁን ሞተር ሳይክል ይቆምበታል።

የመጀመሪያዎቹን ቻርጀሮች የሞከርነው በድሮው ትራንስፎርመር ነበር። አንዱ ሠራ። ሁለተኛውን ስንጨምር የሰፈሩ መብራት በሙሉ እልም አለ። የጎረቤታችን ዳቦ ቤት ባለቤት እጇ ሊጥ እንደሆነ መጣች። "ምን አድርጋችሁ ነው?" ስትል "ለወደፊቱ እየተዘጋጀን ነው" አልናት። የመለሰችልንን እዚህ አልደግመውም። አዲሱ ትራንስፎርመር ሲተከል ግን ከሁላችንም በፊት ያጨበጨበችው እሷ ናት።

አሁን ሁላችሁም እየጠበቃችሁት ወዳለው ነገር ልምጣ። ሳቃችሁን ቀስ አድርጉት፣ ሥራ አስኪያጁ ተቀምጠዋል።

በዚህ ግቢ አውቶቡስ ማታ ሲገባ የኋሊት ነው የሚቆመው፤ አፍንጫው ወደ በሩ። ጠዋት ሁሉም ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ነው። ይህን ማን እንዳዘዘው የሚያውቅ የለም፣ የሚተላለፈውም የለም። ቻርጀሮቹን ደግሞ የተከልናቸው ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር ነው። የአዲሶቹ አውቶቡሶች መሰኪያ ያለው አፍንጫቸው ላይ ነው። ገመዱ አምስት ሜትር ነው። አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሜትር ነው።

እዚህ ያለነው ሁላችንም መደመርና መቀነስ ተምረናል። ታዲያ እንዴት ማንም አላየውም? ንድፉን እኮ ሁላችንም አይተን ፈርመናል። ሾፌሮቹ አይተውታል፣ ስምሪት አይቶታል፣ እኛ ኤሌክትሪሺያኖቹ አይተነዋል፤ ቀለሙ ያምራል ተባብለናል። ንድፉ ላይ ግን አውቶቡሱ አራት ማዕዘን ነበር። አራት ማዕዘን ደግሞ አፍንጫ የለውም።

አውቶቡሶቹ በመጨረሻ መጡ። የምረቃው ቀን የክብር እንግዳው ሶኬቱን ይዘው ወደ አውቶቡሱ አፍንጫ መራመድ ጀመሩ። ገመዱ መሃል ላይ ደረሰና ቆመ። እንግዳውም አብረውት ቆሙ። ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ "መሰካቱ ለዛሬ በምሳሌነት ነው" አሉ። ተጨበጨበ። ፎቶው አሁንም መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳው ሶኬቱን እንደ ማይክራፎን ይዘውታል።

በማግስቱ ለሾፌሮቹ "ከዛሬ ጀምሮ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አድርጋችሁ አቁሙ" ተባለ። የሾፌሮች አለቃችን፣ ጋሼ፣ እዚያ ጋ አይቼዎታለሁ፣ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? "አውቶቡሴ ምን አጠፋና ነው እንደተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው?" ሦስት ቀን ተለመኑ። በአራተኛው ቀን ቻርጀሮቹን ብናንቀሳቅስ እንደሚቀል ገባን።

ቻርጀር ማንቀሳቀስ ማለት የደረቀ አርማታ ሰብሮ፣ ቦይ ቆፍሮ፣ ገመዱን እንደገና መሳብ ማለት ነው። እኛ ኤሌክትሪሺያኖች ሦስት ነን፣ አንዷ እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ወገቤ የመንግሥት አይደለም። ምን እናድርግ እያልን ቆመን ሳለ ከናፍጣ ጋራዡ ዲጂኖና አካፋ የያዙ ሰዎች ሲመጡ አየን። ማንም አልጠራቸውም። የጋራዡ መካኒኮች አሥራ አንዱም መጡ።

እነዚህ ሰዎች የናፍጣ ሞተር ይጠግናሉ። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ የናፍጣ ሞተር የለውም። የሚቆፍሩት ቦይ ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ ከማናችንም በላይ ያውቁት ነበር። ከመሃላቸው አንዱ አካፋውን ተደግፎ "በጣም አታርቁት። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል፣ የምንገባበት እኛው ነን" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ያን የተናገረው የጋራዡ አለቃ ነው። እናንተ "ናፍጣው" ትሉታላችሁ። እኔ ባለቤቴ እለዋለሁ። አዎ፣ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ በየሻይ ሰዓቱ ስለምታወሩት ልገላግላችሁ ብዬ ነው።

ዝግጁነታችንን መቶ በመቶ ብለን ሪፖርት አድርገናል። ትራንስፎርመሩ ዝግጁ ነው። ገመዱ ዝግጁ ነው፣ አሁን ይደርሳል። ሰዎቹስ? አሥራ አንዱ መካኒኮች ወደ ጠቅላላ አገልግሎት ይዛወራሉ የሚል ወሬ ስሰማ ባለቤቴን ጠየቅሁት። ሻዩን አስቀምጦ "አንቺ ጡረታ ልትወጪ ነው። እኔ እዚያ አንቺ ባመጣሻቸው አውቶቡሶች መሃል ምን ላደርግ ነው?" አለኝ።

"ትማራለህ" አልኩት።

"በዚህ ዕድሜዬ? ተይኝ እባክሽ።"

ተውኩት። ግን ክፉኛ አዘንኩ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ ሳነሳ "ለአሥር ሰው የሥልጠና ቦታ አግኝቻለሁ፣ ማንም ከጋራዡ አይነሳም" ብለውኛል። እጅግ አመሰግናለሁ። በሰው ፊት የተባለ ነገር አይጠፋምና ዛሬ በሰው ፊት ደግሜ አመሰግናለሁ። ራስዎን በእሺታ ሲነቀንቁም ሁሉም አይቷል።

"አሥራ አንድ ናቸው እኮ" ስልዎት ግን "ባለቤትዎ አልፈልግም ብለውኛል፣ ላስገድዳቸው አልችልም" አሉ። እውነትዎን ነው፤ እሱን ማንም አስገድዶት አያውቅም። ግን ይህ ሰው ላግባሽ ብሎ ጠይቆኝ፣ እሺ ስለው "እስቲ ላስብበት" ያለ ሰው ነው።

አንተ፣ ከኋላ ምሰሶውን የተደገፍከው። አዎ፣ አንተን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ጠዋት ጠዋት አብረን ወጥተናል። ከነገ ጀምሮ ብቻህን ትወጣለህ። እኔ ለቻርጀሮቹ አልሰጋም፣ ቢበላሹ ይጠገናሉ። የምፈራው ላንተ ነው። ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠህ ሰው ሲሠራ ስታይ እንዳትውል እፈራለሁ። እቤት ለምኜሃለሁ፣ አሁንም በሰው ፊት እለምንሃለሁ። ከዚህ በኋላ አልጨቀጭቅህም። ማነው የሳቀው?

እንግዲህ መድረክ መሪው ሰዓታቸውን እያዩ ነው፣ መርቄያችሁ ልውረድ።

ሾፌሮች፣ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። ስምሪት፣ የሚያምናችሁ ተሳፋሪ ይስጣችሁ። ወጣቶቹ ኤሌክትሪሺያኖች፣ እጃችሁን ከክፉ ይጠብቅላችሁ፤ ጓንት ማድረጉን ግን እናንተም አትርሱ። ጋራዦች፣ የቆፈራችሁት ቦይ እንጀራ ይሁናችሁ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ መብራት የማይጠፋበት አዳራሽ ይስጥዎት። የሁላችሁንም ልጆች...

ይቅርታ፣ ምርቃቴን ላቋርጥ ነው። ከኋላ፣ ከምሰሶው ጋ፣ እጅ የተነሳ መሰለኝ።

ምን? ጮክ በል፣ አይሰማም።

"የሚማሩበት መጽሐፍ ፊደሉ ደቃቅ ነው ወይስ ትልቅ?" ይላል።

ትልቅ ነው። ደቃቅ ቢሆንም እኔ ቤት ነኝ፣ አነብልሃለሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አሥራ አንድ ይበሉልኝ።