ቴሌቪዥን ለማጨት የሄድኩ ዕለት

የከተማችን የኡካ ወጣቶች በስልክ የሚለቁት አስቂኝ ድራማ አላቸው፤ ቴሌቪዥን ስላፈቀረ ሰውዬ ነው። ሰውዬው እኔ ሆንኩላችሁ! ቴሌቪዥን ግን አልነበረንም። የጎረቤታችንን የጋሼ ቶሎሳን ለመዋስ፣ ሁለት ሽማግሌ አስቀድመን፣ ካሜራ ከፍተን ደጃቸው ቆምን።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እያዩ።

ጋሼ ፈገግም አላሉ። «ሥራው ምንድን ነው?»

«ሰው ማሳቅ።»

«ቤቱ መብራት አለው?»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። እኔ የምኖረው በኩራዝ ነው።

«እንግዲያው ልጄን ለጨለማ ቤት አልድርም!» ብለው ቴሌቪዥናቸውን አቅፈው ወደ ጓዳ ገቡ።

ካሜራ የያዘው «ግሩም ሆነ!» እያለ ይፈነጥዛል። እኔ ግን የሶር ፏፏቴን የሚያስንቅ እንባ እያፈሰስኩ ቤቴ ገባሁ። ባለፈው ሳምንት መብራት አስገባሁ፤ ሽማግሌዎቹን መልሼ ልልክ ነው።