በእናትየው ቀለበት ላይ ስላለው ሰማያዊ ድንጋይ

የምስክሯ መጠሪያ፦ በአካባቢው «ጠጠሬ» ተብላ የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ ቀድሞ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አሁን የከበሩ ድንጋዮች መርማሪና ቆራጭ
አድራሻ፦ የገበያው መንገድ፣ የወርቅ ቤቶቹ ሕንጻ፣ ከደረጃው ሥር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ በወሩ 14ኛ ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ፖሊስ ጣቢያው መጥቻለሁ። ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪው፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ እንዲያጥብ ከሰጠችው የእናቷ ቀለበት ላይ ሰማያዊውን ሰንፔር አውጥቶ ብርጭቆ ተክቷል ተብሎ ትናንት ከቀኑ 10 ሰዓት መያዙን፣ ዛሬ ሱቄን ስከፍት ከሚስቱ ሰማሁ።

ስለ ሙያዬ ተጠይቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ድንጋይ እየለቀምኩ፣ ኪሴ እየተቀደደ እናቴን ያስመረርኩ ሰው ነኝ። «ጠጠሬ» የሚለውን ስም ያወጣችልኝም እሷ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት በማይክሮስኮፕ ደም መርምሬያለሁ፤ በምሳ ሰዓት ግን የማየው ድንጋይ ነበር። በገዛ ፈቃዴ ቀድሜ ጡረታ በወጣሁ በወሩ ያገለገለ ማይክሮስኮፕና አንድ የድንጋይ ማለስለሻ ማሽን ገዝቼ ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍል ተከራየሁ። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚጠብቅባት ክፍል ናት። አሁን አራተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ሰው ከበሯ ጠፍቶ አያውቅም። ብርጭቆን ከሰንፔር እለያለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ከተያዘው ሰው ጋር ስላለኝ ግንኙነት ተጠይቄ፦ ዝምድናም ወዳጅነትም የለንም። ሱቁን የከፈትኩ ሰሞን በደንበኞች ፊት «አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅና የጠጠር ጨዋታ ጀመርሽ?» ብሎኛል። የእሱ ማስታወቂያ ሰሌዳ የእኔን በመጋረዱ ከተኳረፍን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል። አልወደውም። ሌባ ግን አይደለም።

ይህን የምለው ቀለበቱን ከእሱ በፊት ስላየሁት ነው። ከሰባት ወር በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉት የልብስ ሰፊዋ እናት ብቻቸውን ወደ ሱቄ መጡ። «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የሠርጋችን ዕለት ያጠለቀልኝ ነው። ዕድሜ ልኬን ሰንፔር ነው ስል ኖርኩ፤ እስቲ እይልኝ» አሉኝ። በማይክሮስኮፕ ሳየው በውስጡ ሦስት ድቡልቡል የአየር አረፋዎች ነበሩ፤ እንዲህ ያለ አረፋ የብርጭቆ ምልክት ነው። ይደነግጣሉ ብዬ ወንበር አቀረብኩላቸው። እሳቸው ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ሌባ እንዳያየው ትራስ ሥር እደብቃለሁ!» አሉ። ሊወጡ ሲሉ እጄን ይዘው «አደራሽን፣ ለልጄ እንዳትነግሪያት። አባቷን እንደ መልአክ ነው የምታየው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ጠዋት ለማንም አልተነፈስኩም። አደራ መብላት ከባድ ነው፤ ሰው ያለ ጥፋቱ ታስሮ ዝም ማለት ግን ይብሳል።

የመረመርኩትን ድንጋይ ሁሉ በመዝገብ ላይ መሳል ልማዴ ነው። የዚያን ዕለቱን ሥዕል ለፖሊስ መርማሪው አስረክቤ፣ በኤግዚቢትነት የተያዘውን ቀለበት በፊቱ በእጅ ማጉያዬ አይቻለሁ። ሦስቱ አረፋዎች በዚያው ቦታ፣ በዚያው አሰላለፍ አሉ። መርማሪውም ራሱ አይቶ ቆጥሯቸዋል። ድንጋዩ አልተቀየረም።

ልብስ ሰፊዋም በክሷ ጉዳይ ጣቢያው መጥታ ነበር፤ ነገሩን ከወረቀት ላይ ሲነበብ እንድትሰማው ስላልፈለግሁ፣ በመርማሪው ፈቃድ ኮሪደሩ ላይ አስቀድሜ ነገርኳት። «እትዬ፣ አባቴ እንዲህ አያደርግም» አለችኝ። «ምናልባት እሱንም አታለውት ይሆናል። ድንጋዩ ይህን አይነግረኝም» አልኳት። እሷም «እናቴ ከመሞቷ በፊት ሆስፒታል ስትተኛ ነርሶቹ ቀለበቱን ያውልቁት ቢሏት እምቢ አለቻቸው። ያኔ ታውቅ ነበር ማለት ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ አብሳ ተነሳችና፣ ወርቅ ሠሪውን ራሷ ይቅርታ እንድትጠይቀው መርማሪውን ለመነች።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። በሁለተኛው ገጽ «ሐሰተኛ ድንጋይ» ተብሎ የተጻፈው በእኔ ጥያቄ «ብርጭቆ» ተብሎ ታርሟል። የተናገርኩት በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው፤ እውነት ስለመሆኑ እፈርማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________