ጉናርን ላይፍ ጃኬት ያስለበሰው ቆሎ

እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ፣ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ቤት «በቃኝ» ስትሉ ሌላ ጭልፋ ይጨመርላችኋል አይደል? እኔ ይህን አመሌን ይዤ ነው ለሰመር ስዊድን፣ እህቴ ጋ የሄድኩት። የባሏ አባት ጉናር «ና፣ ደሴቶቹን ላሳይህ» ብሎ በሸራ ጀልባው ይዞኝ ወጣ። እህቴ እርጉዝ ስለነበረች ቀረች፤ ሁለታችን ብቻ ነን። በምሳ ሰዓት ዓሣና ድንች አቀረበና «ትበላለህ?» አለኝ። እኔም እንደ ጨዋ ልጅ «ኖ ቴንክስ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩና «በሞቴ» እስኪለኝ መጠበቅ ጀመርኩ። ሰውዬው «ኦኬ» ብሎ ብቻውን ጥርግ አድርጎ በላው! እራትም እንደዚያው። በማግስቱ ደሴቱ ሁሉ ድፎ ዳቦ እየመሰለ ይታየኝ ጀመር።

ሶ፣ ለእህቴ ከዚህ ወስጄላት ሳልሰጣት የረሳሁት አንድ ፌስታል ቆሎ ቦርሳዬ ውስጥ አገኘሁ። ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ባለችው ትንሽ ክፍል በሩን ዘግቼ ቋ ቋ እያደረግኩ ቆረጠምኩት። ነፋስ የለም፣ ባሕሩ ጭጭ ብሏል። ድንገት ከላይ ሩጫ ሰማሁ። ለካ ጉናር ጀልባዋ የምትሰነጠቅ መስሎታል! ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ የእኔንም በእጁ ይዞ በሩን በረገደው። እኔ አፌን ሞልቼ ቁጭ ብያለሁ። ቆሎውን አየ፣ እኔን አየ።

«ርቦሃል እንዴ?» አለኝ።

«ኧረ በፍጹም! ጠግቤያለሁ» አልኩት።

«ኦኬ» አለና በሩን መልሶ ዘጋብኝ።