ጉርዳቸውን ያላፈረሱት የአቶ ደበሌ ሀብተጊዮርጊስ ዜና ሕይወት

በዚህ ደብር የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የአጎታችንን ልጅ የአቶ ደበሌ ሀብተጊዮርጊስን የኑሮ ታሪክ ሳናሳምርና ሳንሸሽግ እናነብላችኋለን፤ እርሳቸው ሽንገላ አይወዱም ነበርና።

አቶ ደበሌ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተጊዮርጊስ ሽባባውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳምጤ በቡኢ አጠገብ በ1888 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ደግመው እንዳበቁ ወደ ቡታጅራ ወርደው በቆዳ ንግድ ተሰማሩ፤ ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን በተክሊል አግብተውም ሰገነትንና መሰለችን አፈሩ። ወላጆቻቸው በጊዜ በማረፋቸው ታናሽ ወንድማቸውን ያረጋልን እንደ ልጅ አሳድገው፣ አዲስ አበባ ልከው የፈረንጅ ቋንቋ አስተማሩት።

ጣሊያን ቡታጅራ ላይ በሰፈረ ጊዜ መጠጥ ቤቱ እንደ አሸን ፈላ፤ በመንገድ ሥራ የተሰማራው ጎልማሳ ሁሉ በአረቄ ነሁልሎ ትዳሩን በተነ። አቶ ደበሌም ከወዳጃቸው ከአቶ ሰይዶ ጋር መክረው የቆዳ መጋዘናቸውን አጸዱና አረቄ የጣላቸውን እያስገቡ፣ መንቀጥቀጡ እስኪለቃቸው አጥሚት እያጠጡ አስታመሙ። ያገገመውን ሰው ዘመዶቹ ባሉበት ከማይጠጣ ሰው ጋር አጣምረው፣ አረቄ ላይቀምስ ጉርዳ ያስገቡት ነበር። ጉርዳ ለማታውቁት የአገራችን የወንድማማችነት መሐላ ነው፤ የተማማለውን አሳልፎ የሰጠ ከሰው ተራ ይወጣል። ያረጋልም ለጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ሆኖ ሲመጣ አረቄ አሸንፎት ስለነበር፣ እዚያው መጋዘን ታክሞ ዳነ፤ ጉርዳውንም የገባው ከገዛ ወንድሙ ጋር ነበር።

ገበያ የራቃቸው የመጠጥ ቤት ባለቤቶች፣ ሰው ሰብስቦ ጉርዳ ያስገባል ብለው ክስ አቀረቡና አቶ ደበሌ ተይዘው ሹሙ ፊት ቆሙ። ሹሙም ጉርዳ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ያረጋል አረቄ የመተው መሐላ ነው ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ እሱ ግን ከከሳሾቹ ጋር ላለመጋጨትና እንጀራውን ላለማጣት፣ ጣሊያንን ለመውጋት የሚገባ ቃል ኪዳን ነው ብሎ ተረጎመው። አቶ ደበሌ ቋንቋውን ስለማያውቁ፣ ወንድሜ እየተሟገተልኝ ነው ብለው ጉርዳ የሚለው ቃል በተጠራ ቁጥር ራሳቸውን በእሺታ ይነቀንቁ ነበር። እንዲህ በገዛ አንገታቸው በራሳቸው ላይ እስራት አስፈረዱ። እውነቱን የነገራቸው ጣሊያንኛ የሚሰማ የወህኒ ዘበኛ ነው። መጋዘኑም ተዘጋ፤ ገና ያላገገሙት ሕሙማን ወደ አረቄው ተመለሱ፤ ከመካከላቸው የቀበርናቸው አሉ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

አቶ ደበሌ ጠላት ሲወጣ ቢፈቱም፣ ከወህኒ ይዘውት በወጡት የሳንባ ሕመም በሐምሌ ወር 1933 ዓ.ም. ዐረፉ። በአልጋ ላይ ሳሉ ያረጋልን ከሰው ተራ እናውጣው ብለን ብንለምናቸው ፈጽመው ከለከሉን፤ እሱ ቢከዳኝም አረቄ አልቀመሰም፣ ብታገልሉት ግን ይቀምሳል፣ እኔም አስታምሜ ያዳንኩትን ሰው አልገድልም አሉን።

ከኋላቸው የቀሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ልጆቻቸው ሰገነትና መሰለች፣ እንዲሁም ወንድማቸው ያረጋል ናቸው። ይህንን የመጨረሻ ስም ያነበብነው አንጀታችን ፈቅዶ ሳይሆን እርሳቸው ስላዘዙን ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ያረጋል ሆይ፣ ና ከእኛ ጋር ተቀመጥ።