በቤቴ አማርኛ እንዳልሰማ

ስሙኝማ እህቶቼ! አረብ አገር፣ ራውዳ የሚባል ሰፈር ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ነው የምሠራው። ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ ማዳሜ ሰማችኝና «ኸላስ! በቃ! ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ አማርኛ እንዳልሰማ። እያማሽኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። በአፌ እሺ ልበል እንጂ፣ የማሳድጋት ትንሿ ልጇ ስትደናቀፍ «እኔን!» ማለቴን ማን ሊያስቆመኝ! እሱ እኮ ሳላስበው ነው የሚወጣው።

ታዲያ በቀደም ማዳም ሳሎን ውስጥ ስትጣደፍ እግሯን የጠረጴዛው ጠርዝ መታትና ጮኸች። ልጅቷ አሻንጉሊቷን ጥላ ሮጣ የእናቷን እግር እቅፍ አድርጋ «እኔን ማማ! እኔን!» አትል መሰላችሁ! ማዳም ሕመሟን ረስታ ወደ እኔ ዞረች።

«ምንድን ነው ያለችው?»

«አማርኛ ነው፤ ከልክለሽኛል» አልኳት።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«መጀመሪያ ፍቀጂ።»

ወደ ልጅቷ አየች፣ ወደ እኔ አየች። «ያላ፣ በይ ፈቅጃለሁ።»

«ሕመምሽ ለእኔ ይሁን ነው ያለችሽ።»

 እኔማ አንዴ አማርኛ ፈቅዳልኝ የለ፣ ስልኬን አንስቼ እዚያው ሳሎን፣ እዚያው ፊቷ ቆሜ፣ እናቴ ጋ ደወልኩ።