የደጄ ሽምብራ

በጃንሆይ ጊዜ መርሳ ላይ መካኒክ ነበርኩ። ጋራዤ ፊት ለፊት፣ በእግረኛውና በመኪናው መንገድ መካከል፣ ከሁለት ክንድ የማትሰፋ መሬት ነበረች። «ሁሉም በየደጁ አበባ ይትከል» ተብሎ ሲታዘዝ እኔ ሽምብራ ዘራሁባት። እሸት ሲደርስ አንድ ኮስታራ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጣና፣ «ይሄ አበባ ነው?» አለኝ።

«ያብባል እኮ ጌታዬ!»

«ነገ ጠዋት ስመለስ አንዲት ሥር እንዳላገኝ!» ብሎኝ ሄደ። ያን የመሰለ ሽምብራ እንዴት ብዬ ልንቀለው? ሳመነታ ነጋ።

በማለዳ ወደ ወልድያ የሚሄድ አውቶቡስ ደጄ ላይ ተበላሸ። ከሥሩ ተንጋልዬ ስጠግን ቆይቼ ብቅ ብል፣ እናንተዬ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሽምብራዬን ከነሥሩ እየነቀለ ይፈለፍላል! «ኧረ ሰዎች፣ የሰው እርሻ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «መንገድ ዳር ዘርተህ እሸት ለመንገደኛ ልትከለክል ነው ልጄ? ይልቅ ና ቅመስ» ብለው የራሴኑ ሽምብራ ዘረጉልኝ። እኔም ግሪስ በነካው እጄ እየፈለፈልኩ አብሬያቸው በላሁ።

አውቶቡሱ እንደሄደ ያ ሰውዬ ከች አለ። ደረቴን ነፍቼ፣ «ይኸው ጌታዬ፣ አንዲት ሥር አልቀረችም!» አልኩት። ባዶውን መሬት አየ፤ መሬት ላይ የተበተነውን ልጣጭ አየ፤ ፊቱ ጭፍግግ አለ።

«ምን አስቸኮለህ?» አለኝ። «እኔ እኮ ቁርሴን ሳልበላ ነው የመጣሁት!»